አሥራ ሰባት ደረጃ

ታኮማ ላለችው ልጄ፣

ይህ ወረቀት አንቺንም ቤተሰብሽንም በጤና ያግኛችሁ። እንዴት ከርመሻል? በብርድ ጊዜ የሚያስቸግርሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽስ ሥራ ላይ ነው? እዚያ አገር ዝናቡ አያባራም ይላሉና ጣራችሁን አስፈትሹት። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በማንም ላይ አልወደቅሁም። ስለ እግሬ በኋላ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። የተማርኩት አራት ዓመት ነው፤ የእሱም ግማሽ ከአባቴ ጋር ድንች ስቆፍር ነው ያለፈው። ጎረቤቴ ሃናጋን አዝኖልኝ መጣና «አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» አለኝ። በገዛ እጄ እጽፋለሁ አልኩት። «በገዛ እጅህ የጻፍከውን ማን ሊያነበው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ልጄ ታነበዋለች፣ አንተ ሂድና ውሻህን እሰር ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ጠዋት ነው የጀመርኩት፤ አሁን ፀሐይዋ ወደ ጓሮ ዞራለች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዘጠኝ መስመር ነው። በገና ካርድ ላይ ከምትጽፊልኝ ሁለት መስመር ይሻላል። ተዋናዩ ድዋይት ካርሞዲ በሞተ በሦስተኛው ቀን ፊልሙን በቴሌቪዥን ሲያሳዩ ተቀምጬ ሳይ ነበር ብለሻል። ባልየው ወደ ታመመችው ሚስቱ ደረጃውን የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ተነስቼ አጠፋሁት፣ የማንን እግር እንደሰማሁ አውቃለሁ ብለሻል። ከዚያ ጥያቄሽን ጻፍሽ። እናቴ የሞተች ቀን ስትሠራ የነበረው ይሄንን ነው ወይ? ሲጠሩህስ ለምን እንደሚጠሩህ አውቀህ ነበር ወይ? እውነቱን ከነገርከኝ እመጣለሁ፣ ለቀብር ለመጡት ሰዎች ያልከውን ደግመህ የምትለኝ ከሆነ ግን ከእንግዲህ አትጻፍልኝ ብለሻል።

እመልስልሻለሁ። የምመልሰው ግን በራሴ መንገድ ነው። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ማንም አያጣድፈኝም።

እዚህ ያለው ጋዜጣ ስለ ካርሞዲ አንድ ሙሉ ገጽ አወጣ። አርባ አንድ ፊልም ቆጠሩለት። ገጹን ቆርጬ ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩትና በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። ሃያ ስድስቱን የሄድኩት እኔ ነኝ። አንቺ ይሄን ታውቂዋለሽ፤ የምጽፈው ልጅሽ አንድ ቀን ቢያነበው እንዲገባው ብዬ ነው። ፊልም ሲነሳ ማይክሮፎኑ የሚሰቀለው ከአፍ በላይ ነው። እግርን የሚያዳምጥ የለም። ቤተ መንግሥት ብለው የሚሠሩት ወለል ራሱ ስስ ሳንቃ ነው፤ ንጉሥ ሲረግጠው ባዶ ሣጥን ይመስላል። ስለዚህ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙ ይታያል፣ አንድ ሰው እያየ፣ ቆሞ፣ በጠጠር ላይ፣ በአሸዋ ላይ፣ በእንጨት ላይ ይሄድለታል፤ ድምፁ ይቀዳል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ጋዜጣው ካርሞዲ ሸሪፍ ስለሆነበት ፊልም ብዙ ጽፏል። ፍርሃት የማያውቅ ሰው አካሄድ ይላል። ካርሞዲ እኮ እንደ ዳክዬ ነበር የሚሄደው! እግሩን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ሁለቱን ጫማ ጧ፣ ጧ እያደረገ። ገዳይ ፊት ለፊቱ ቆሞ እንደዚያ ቢሰማ ሕዝቡ ወንበር ላይ በሳቅ ይንከባለል ነበር። ተረከዙን ለብቻ፣ ጣቱን ለብቻ ያሳረፍኩለት እኔ ነኝ። ቄስ የሆነበትን ፊልም በእናትሽ የቤት ጫማ ነው የሄድኩት። እግሬ አልገባ ስላለ ከኋላ ቀደድኩት፤ አንድ ሳምንት አላነጋገረችኝም። ከእስር ቤት አምልጦ በበረዶ ሲሸሽ የበቆሎ ዱቄት በቆዳ ከረጢት ሞልቼ ነበር የረገጥኩት፤ ልብሴን ስታራግፊ አቧራው እያስነጠሰሽ ትስቂ ነበር። ጉቦ የበላው ዳኛ ፍርድ ቤት ሲገባ ግራ ጫማው ሲጢጥ የሚለውን ማንም አላዘዘኝም። ከራሴ ነው ያመጣሁት፣ ጫማውን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ። ጋዜጣው «በደለኛነቱ በገባበት ቅጽበት ይሰማል» ይላል። አዎ ይሰማል።

ስሜ የትም አልተጻፈም። እኔም ጻፉልኝ ብዬ አልለመንኩም። ካርሞዲ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ክፍላችን መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና «ሰውዬ፣ ከጉልበቴ በላይ እኔ ነኝ፣ ከጉልበቴ በታች አንተ ነህ» አለኝ። ከጉልበት በታች ያለው ነው ሰውየውን የሚያቆመው አልኩት። ለእንደሱ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ተብሎ አይመለስም ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ።

ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ምን እንጫወት እንደነበር ትዝ ይልሻል። እናትሽ ላይ ቤት አልጋው ላይ ሆና ትሰፋለች፣ አንቺ እግሯ ሥር ትቀመጫለሽ። እኔ ከታች ጫማዬን እቀይርና ደረጃውን ቀን በፊልም የሄድኩትን ሰው ሆኜ እወጣለሁ። እሷ ቀና ሳትል «ዛሬ ደግሞ ካፒቴኑን አመጣህብን?» ትላለች። ወይም «ይሄ ሰካራም ማነው፣ ቤት ተሳስቷል በሉት»። አንቺ ትንከተከቺያለሽ። ተመልሼ እወርድና እንደገና የራሴን አካሄድ እወጣለሁ፤ ግራ እግሬ ትንሽ ዘግየት እያለች፣ ያቺ በልጅነቴ ጋሪ የወጣባት እግር። ያን ጊዜ ብቻ ነው እናትሽ «አሁን መጣህ» የምትለው። ከዚያ በፊት በስሜም አትጠራኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላታለልኳትም። ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ! ሃናጋንን ጫማዬን አስደርጌ ልኬው አውቃለሁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳይደርስ «ሃናጋን፣ ባርኔጣህን አውልቅ» አለችው።

ደረጃችን አሥራ ሰባት ነው። ዘጠነኛዋ ትጮኻለች። እኔ በሙያዬ ያለ ቦታው የሚጮኽ እንጨት አልወድም፤ ዘጠነኛዋን ረግጬያት አላውቅም። ሁልጊዜ አልፋታለሁ።

ያን ቀን ማክሰኞ ነበር። እናትሽ ለሁለት ቀን ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፣ ደረቷ የሚያወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ጠዋት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እግሬ ዝም አልል ብሎ ወለሉን ስደበድብ፣ በእጇ በሩን አሳየችኝ። ሂድ፣ ራሴን አታዙርብኝ ማለቷ ነው። አንቺን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ፣ ወይዘሮ ዳልበርግን ከአጥር ማዶ ጠርቼ፣ ሄድኩ።

ሥራው ያው የምታውቂው ነው። ባልየው ሚስትህ ልትሞት ነው ይባላል፣ መንገዱን ሮጦ ያቋርጣል፣ ቤት ይገባል፣ ደረጃው ሥር ሲደርስ ይዘገያል፣ ይወጣል። አንዱ ጥቅል ፊልም አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ያኔ መሃል ላይ መቁረጥ የለም። ከተሳሳትሽ ከመጀመሪያው ነው። በሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ እሱ በርቶ ሳለ ፕሬዚዳንቱም ቢመጣ አይገባም። መንገዱን ሄድኩት፣ ጥሩ ነበር። ደረጃው አልሆን አለ። ዳይሬክተሩ ከጨለማው ውስጥ «ይሄ ሰው ሚስቱ ጋ ነው የሚሄደው ወይስ ወተት ሊያደርስ ነው?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ደም ፊቴ ላይ ወጣ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። መንገዱን እየሮጥኩ ሳለሁ በሩ ላይ ያለው መስታወት ተንኳኳ። ቀና አልኩ። ሚልት ነበር፣ ስልክ የሚቀበለው። ሚልትን ታስታውሺዋለሽ፤ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አውርዶ አያውቅም፣ ሲበላም ቢሆን። ያን ቀን ባርኔጣው በእጁ ነበር።

ልጄ፣ ጥያቄሽ እዚህ ነው ያለው። ሚልት አፉን አልከፈተም። መክፈትም አላስፈለገውም። አወቅሁ። ባርኔጣውን እንዳየሁ አወቅሁ። እግሬን ሳላቆም አንድ ጣቴን አነሳሁለት። በእኛ ሥራ አንድ ጣት ማለት አንድ ጊዜ ልድገም ማለት ነው።

እሱን ጨረስኩ፣ ደረጃው አልሆነም። አንድ ጣቴን እንደገና አነሳሁ። ሄድኩ፣ አልሆነም። ሦስተኛ አነሳሁ። ሚልት መስታወቱ ጋ እንደቆመ ነው። በሦስተኛው ሆነ። አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁ። ጋዜጣው ስለዚያ ደረጃ «ሐዘኑ በእግሩ ይሰማል» ብሎ ጽፏል። ሐዘን አይደለም የሰሙት። መድረስ የማይፈልግ ሰው ነው የሰሙት። ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባሽ። ፈርቼ ነበር። ይሄን ቃል ስለ ራሴ ጽፌው አላውቅም፤ አሁን ጻፍኩት።

ስለዚህ፣ አዎ፣ የሰማሽው የዚያን ቀኑን ነው። አዎ፣ አውቄ ነበር። ለቀብር ለመጡት ሰዎች ቀዩ መብራት በርቶ ስለነበር መልእክቱ አልደረሰኝም አልኳቸው። ውሸት ነው። ሚልት አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር፣ እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። በትራሙ ስደርስ እናትሽ ካለፈች ሩብ ሰዓት ሆኗታል። ሚልት እንዳንኳኳ ብወጣ ኖሮ በሕይወት እደርስባት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አስልቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ሌላ ውጤት አልመጣልኝም።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ጠየቅሽ፣ መለስኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ይበቃ ነበር። ግን አንቺ ያልጠየቅሽኝ፣ እኔም ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ።

ስገባ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠሽ ነበር። ባዶ እግርሽን ነበርሽ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነው፤ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። እኔም ምንም ሳልልሽ በአጠገብሽ አልፌ ወጣሁ። ያም የእኔ ጥፋት ነው።

በቀብሩ ማግስት ወይዘሮ ዳልበርግ ሾርባ ይዛልኝ መጣችና እጄን ይዛ «እንኳን ደረስክላት፣ እንኳን እግርህን ሰምታ ሄደች» አለችኝ። ምን እንደምትል አልገባኝም። ቀጥላ ሁሉንም ነገረችኝ። እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ። እናትሽ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከታች ደረጃው ላይ እግር ተሰማ፣ ከባድ የወንድ ጫማ፣ ግራው ዘግየት የሚል። እናትሽ ብርድ ልብሱ ላይ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠነኛዋ ጮኸች። ያን ጊዜ ጣቷ ቆመ። ወይዘሮ ዳልበርግ ሕመም የጠናባት መስሏት ስታያት፣ ፈገግ ብላለች። እግሩ መጣ መጣና በሩ ጋ ቆመ። ወይዘሮ ዳልበርግ ልትከፍት ስትነሳ እናትሽ እጅጌዋን ያዘቻት። ያቺ ሁለት ቀን ድምፅ ያልነበራት ሴትዮ፣ ከበሩ ውጭ እንዲሰማ አድርጋ፣ ጮክ ብላ ተናገረች። «እዚያው ሁን፣ አትግባ፤ ደክሞሃል። መምጣትህን ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል። ጥሩ አድርገህ ነው የወጣኸው። በል ጫማህን አውልቅና እረፍ።» ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ወይዘሮ ዳልበርግ ቆይታ በሩን ስትከፍት ማንም የለም። ሊያለቅስ ወርዶ ነው ብላ አሰበች። እኔም አላረምኳትም።

ያን ዕለት ወርጄ ከደረጃው ሥር ያለውን መደርደሪያ አየሁ። ሰው ዕቃውን በሌላ ነገር ያውቃል፤ እኔ በጫማ ነው። ቡናማ የቤት ጫማዬን ሁልጊዜ አፍንጫው ወደ ግድግዳ ሆኖ ነው የማስቀምጠው። ወደ ደረጃው ዞሯል። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል፣ በትንሽ ጣት አጥብቆ። ከውስጥ በሁለቱም ጫማ አፍንጫ ላይ ተጠቅልሎ የተጠቀጠቀ ካልሲ አለ፣ ግራጫ፣ የትምህርት ቤት። አላወጣሁትም። ጫማውንም ከዚያ ቀን ወዲህ አላደረግሁትም።

ያኔ ልነግርሽ ነበር። እንዳወቅሁብሽ ብታውቂ ታፍሪያለሽ ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንቺ ተቆጣሽኝ፣ እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ተቆጣሁ። ዓመቱ ሲሄድ አፌ ተቆለፈ። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትሄጂ በእኔ ምክንያት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነበር የማስበው። ዘጠኙን መስመርሽን ሳነብ ግን፣ ምናልባት በእኔ ብቻ ላይሆን ይችላል አልኩ። ምናልባት እሷም የምትሞትን ሴት ያታለለች መስሏት ይሆናል፣ ያንን ተሸክማ ይሆናል የምትዞረው አልኩ።

እናትሽን አንቺም ታውቂያታለሽ። ጆሮዋን ታውቂዋለሽ። ዘጠነኛዋን ደረጃ ማን እንደሚያልፋት፣ ማን እንደሚረግጣት ታውቂያለሽ። ሌላ አልጨምርም።

እንደ ባለሙያ ግን አንድ ነገር ልበል። ሃያ ስድስት ፊልም ሄጃለሁ። ሸሪፉንም፣ ዳኛውንም፣ ባልየውንም ሄጃለሁ። በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከተሄደው የሚበልጥ የለኝም። አልሰማሁትም፤ ግን አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ከስቱዲዮው መጣች። የካርሞዲን ነገር ሁሉ እየሰበሰቡ ነው፣ ሙዚየም ሊያቆሙለት። የሄድኩባቸው ጫማዎች አሉኝ ስላልኳት ዓይኗ በራ። ሁሉንም በሣጥን ሰጠኋት፣ የእናትሽን የተቀደደውን ጭምር። ልትወጣ ስትል ቡናማውን መደርደሪያው ላይ አየችው። «ይሄስ የየትኛው ፊልም ነው?» አለችኝ። እሱ ተቀርጾ አያውቅም አልኳት። ለአንቺ በፖስታ ልኬዋለሁ፤ ከዚህ ወረቀት በኋላ ይደርስሻል። እንዳታደርጊው። እንዳለ አስቀምጪው።

ስለ እግሬ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ስኳሩ ነው። ግራዋ ከክረምት ጀምሮ አይሰማትም፤ ወለሉን ስረግጥ እንደ ሌላ ሰው እግር ነው የምሰማት። ሐሙስ ይቆርጧታል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ፂም እንኳ የለውም፤ «አባባ፣ አይዞዎት፣ ከጉልበት በታች ብቻ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ለምን እንደምስቅ አልነገርኩትም። ካርሞዲ ቢኖር ይገባው ነበር።

ሐኪሞቹ ከሆስፒታል ሲወጡ አልጋዎን ምድር ቤት እናድርግልዎ፣ በአንድ እግር ደረጃ አይወጡም ብለው ተከራከሩኝ። ሃናጋንም ከእነሱ ጋር ሆኖ «አንተ በቅሎ፣ ለምን አትሰማም!» ብሎ ጮኸብኝ። እምቢ አልኩ። አራት ሰው ሆነው ይሸከሙኝ፣ እናትሽ ክፍል ነው የምተኛው አልኩ። ተስማምተዋል። ከወጣሁ በኋላ መውረድ የለም፣ እሱን አውቃለሁ። ይህን የጻፍኩት እንድታዝኚልኝ አይደለም። የት እንዳለሁ እንድታውቂ ነው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ደረትሽን ያጽናልሽ፣ እኔ ያልሰጠሁሽን ዕረፍት እሱ ይስጥሽ።

ከመጣሽ በሩ አይቆለፍም። ደወል አትደውይ፣ ከታች ሆነሽም አትጣሪ። በራስሽ ጫማ ውጪ። ዘጠነኛዋ አሁንም ትጮኻለች፤ ሃናጋን ልጠግናት ቢል አላስነካኋትም። እንዳታልፊያት። ርገጫት።

አባትሽ